እንቅልፌን ያስተካከልኩት ከጠዋት ጀምሬ ነው

ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ ወደ ቀን ሥራ ስዛወር ቤተሰቦቼ «እሰይ፣ እንግዲህ እንደ ሰው ትተኛለህ» አሉኝ። እንቅልፉ ግን አብሮኝ አልተዛወረም። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቴ ማታ 4 ሰዓት ጋደም እልና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ኮርኒስ ላይ አፈጣለሁ። ጠዋት ደግሞ ደም እየቀዳሁ ዓይኔ ይከደናል። የሥራ ባልደረቦቼ የእንቅልፍ ኪኒን መከሩኝ፤ ሳልጀምረው ቀረሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሆርሞን ሰዓት ጠብቆ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ከራሴ ጋር ያገናኘሁት ግን አንድ ደንበኛ ከመጣ በኋላ ነው። ጠና ያለ ሰው ነው፣ ኮርቲሶል የሚባለው ሰውነትን የሚያነቃ ሆርሞን ምርመራ ታዞለታል። ወረቀቱ ላይ ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ብሎ ጽፏል። ሰውየው የመጣው በእኛው 8 ሰዓት፣ ምሳውን በልቶ፣ በዚያ የድሬ ፀሐይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው» አልኩት።

«አቦ! ስምንት ይላል፣ በስምንት መጣሁ። ደሜ ያው ደሜ አይደል እንዴ?»

አይደለም። ኮርቲሶል እኩለ ሌሊት አካባቢ እጅግ ዝቅ ይላል፣ ሊነጋ ሲል ማሻቀብ ይጀምራል፣ ከነቃን በኋላም በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ የበለጠ ይጨምራል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ ይሄዳል፤ 10 ሰዓት ላይ የጠዋቱ ግማሽ ገደማ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። የከሰዓቱን ውጤት ከጠዋቱ መለኪያ ጋር ካስተያየነው ጤነኛው ሰው በሽተኛ መስሎ ይታያል። ሰውየው እያጉረመረመ ሄዶ በማግስቱ በጠዋት ተመለሰ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ለሱ ያስረዳሁትን በራሴ ላይ አሰብኩት። ይህን ሁሉ የሚመራው ሰዓት አንጎላችን ውስጥ፣ ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ የሴሎች ስብስብ ነው፤ ብዛታቸው 20,000 ገደማ ነው። ቦታው በከንቱ አይደለም፣ ሰዓቱ በዋናነት የሚሞላው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነውና። (ሰዓቱ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንብ ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።) እኔ ስታገል የኖርኩት ከመኝታ ሰዓቴ ጋር ነበር። እንቅልፍ ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም፤ መነሣት ግን በእጄ ነው።

ስለዚህ የመነሻ ሰዓቴን 12 ሰዓት ላይ ቸነከርኩት፤ እሑድም ቢሆን፣ ሌሊቱን ስገላበጥ ባድርም። እንደተነሣሁ ሽርጤን አገልድሜ ግቢ እወጣለሁ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ሻዬን እዚያው እጠጣለሁ። የጠዋት ብርሃን የዘገየውን ሰዓት ወደፊት ይስበዋል፣ ማታ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሆርሞን፣ ሜላቶኒንም፣ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ያደርጋል። በዚህ ነገር ድሬዎች ታድለናል፤ የበጋና የክረምት ቀናችን ርዝመት የሚለያየው በ1 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ ቀጠሮ አይሰርዝም።

ማታውን መጠበቅ ከባዱ ነበር። ሜላቶኒን ብርሃን ስለሚያፍነው ከ3 ሰዓት በኋላ የሳሎኑን ትልቅ መብራት አጥፍቼ ስልኬን ሌላ ክፍል እተዋለሁ። ቡና ከምሳ በኋላ አቆምኩ፤ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ አለ። ጫቱን አልተውኩትም፣ ድሬ ተቀምጦ ጫት ተውኩ ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን ወደ ቅዳሜ ብቻ አመጣሁት፣ በርጫውንም ቀን አስጀምሬ ሳይመሽ እነሣለሁ። ምርቃናውን በጨብሲ መስበር የሚባለው ነገር ለእንቅልፍ አይረዳም፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛና የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል።

ሙቀቱስ? ለመተኛት የውስጥ ሙቀታችን ዝቅ ማለት አለበት፣ የድሬ ክፍል ደግሞ ማታም ይፈጃል። ገላዬን ታጥቤ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቼ፣ ሲብስ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ በአጎበር እተኛለሁ። እናቴ «የነበርንበት መለስከን» ብላ ስቃብኛለች።

ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ የተስተካከለው እንቅልፉ ሳይሆን ረሃቡ ነበር፤ ጠዋት ቁርስ ያምረኝ ጀመር። እንቅልፉ ቀስ እያለ ተከተለው፣ አሁን 5 ሰዓት ሳይሞላ ይወስደኛል።

አዳር የሚሠሩ ጓደኞቼን ይሄን እንዳለ አድርጉት አልላቸውም፣ ለነሱ የጠዋቱ ፀሐይ ጠላት ነው። ሲወጡ ጥቁር መነጽር እንዲያደርጉና መስኮታቸውን በወፍራም መጋረጃ እንዲሸፍኑ እነግራቸዋለሁ። የሆርሞን ምርመራ የታዘዘለት የአዳር ሠራተኛ ሲመጣ ደግሞ መቼ እንደተኛና መቼ እንደነቃ ጠይቄ ከውጤቱ ወረቀት ላይ ለሐኪሙ እጽፍለታለሁ። ቀጠሮ ስሰጥም «ጠዋት፣ በሐበሻ 2 ሰዓት» ብዬ አሰምርበታለሁ።