የጋኑ ምርጊት

ዛሬ ልቤ ሞልቶ ነው ቤቴ የገባሁት። ሦስት አብሮ አደጎች በየቤታችን የጠመቅነውን ጠላ ይዘን አንዳችን ጋ ተገናኘን። የኔ የገብስ ነው። ገሾውን ጠንስሼ፣ ብቅሉን ጨምሬ፣ እንስራውን በወይራ አጥኜ፣ ጉሹን እንዳለ አመጣሁት። የጓደኛዬ ጠቆር ይላል፣ እንኩሮውን፣ ያንን በውሃ ታሽቶ የሚቆላውን ዱቄት፣ ጠበቅ አድርጎ ስለቆላው። እውነት ለመናገር የሱ ይበልጣል!

ክራር ከፈትን። አንዱ አምባሰል አለ፣ ሌላው ባቲ። እኔ ግን ትዝታ ካልሆነ አይሆንልኝም፤ ትዝታው ሲጀምር ሁላችንም ዝም አልን።

ያኔ ነው የልጅነታችን ነገር የተነሳው። እናቴ ለጥምቀት የጠመቀችውን ጠላ፣ የጋኑን አፍ በጭቃ መርጋ ያስቀመጠችውን፣ እኛ ምርጊቱን በስተን በሸምበቆ እየተቀባበልን ስንመጠው ከረምን። አየር ገባበትና ኮመጠጠ። አልገረፈችንም። ለእንግዶቿ ቅራሪ፣ ያንን ቀጭን ጠላ፣ ስታቀርብ የነበረው ፊቷ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ስንት ቀን እንደለፋችበት የገባኝ ራሴ መጥመቅ ስጀምር ነው።

ነገ ጠዋት ከጥቁሩ ጠላ አንድ ጆግ ሞልቼ እወስድላታለሁ። ጓደኞቼም አብረን ካልሄድን ብለዋል።