ጄኔሬተሩ ሲነሣ የሚንቀረፈፈው ኔትወርክ

ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ፣ አንድ የሰሊጥ መጋዘን። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር በተነሣ ቁጥር የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ኔትወርኩ ይንቀረፈፋል። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ስላለው ማሽኑ አይጠፋም፤ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች የነበረው ፒንግ (መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ግን እስከ 100 ይወጣል። «ወንድሜ፣ አጥፍተህ አስነሣው፤ ይድናል» ይላሉ መዛኙ። እውነትም ይድናል፣ መብራት እስኪጠፋ። ስዊቹም ኬብሉም በከንቱ ተቀየሩ።

ፍንጩ 100 የሚለው ቁጥር ነበር። የሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በአንድ መስመር ላይ ከመጡ 100,000 ኢንተራፕቶች (ካርዶች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው ምልክቶች) ከ99,900 በላይ ተቀባይ ካጡ መስመሩን ይዘጋና በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ራሱ ብቅ እያለ ያያል። ሎጉም ይህንኑ ይላል፤ መስመር 16 ተዘግቷል። ፕሮክ በሚባለው የከርነሉ መረጃ ማውጫ ሥር ያለው የኢንተራፕት ፋይል 16 ላይ ሁለት ስም ያሳያል፦ የኔትወርክ ካርዱና የሚዛኑ ፒሲአይ ካርድ (በማዘርቦርዱ ስሎት ላይ የሚሰካ)። ኤምኤስአይ የሚጠቀሙ (በሽቦ ፋንታ በመልእክት የሚጣሩ) አዳዲስ ካርዶች መስመር አይጋሩም፤ እነዚህ ግን አሮጌ ናቸው።

የሚዛኑ ካርድ የሚጣራው ክብደት ሲደርሰው ወይም የተበላሸ ባይት ሲገባበት ነው። ለእያንዳንዱ ምክንያት በስታተስ ሬጂስተሩ (የካርዱ ሁኔታ መመዝገቢያ) አንድ ቢት ይበራል፤ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያስተናግደው ፕሮግራም) የሚያየው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲነሣ በሚዛኑ ገመድ ረብሻ ይገባል፣ ካርዱ «ስህተት» ብሎ ይጣራል፣ ድራይቨሩ «የእኔ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። የፒሲአይ መስመር ደግሞ ምክንያቱ ካልጸዳ አይለቅም፤ ጣት በር ደወል ላይ ተጭኖ እንደቀረ ነው።

ካርዱን ሌላ ስሎት ላይ ቢሰኩት ኔትወርኩ ይተርፋል፣ ሚዛኑ ይታመማል። ሁልጊዜ «የእኔ ነው» ማለትማ ይብሳል፤ ከርነሉ ተታልሎ መስመሩን አይዘጋም፣ ማሽኑም ድርቅ ይላል።

የተስተካከለው ሃንድለር (ጥሪውን የሚቀበለው የድራይቨሩ ክፍል) መጀመሪያ ስታተስ ሬጂስተሩን ያነባል። ሁለቱም ቢቶች ዜሮ ከሆኑ ጥሪው የጎረቤት ነውና ይተወዋል። ካልሆነ የበራውን ቢት ያጠፋል፣ ሬጂስተሩንም እንደገና ያነባል። ይህ ሁለተኛ ንባብ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን በፒሲአይ ላይ የተጻፈ ነገር መንገድ ላይ ሊዘገይ ይችላል፣ ገፍቶ የሚያደርሰው ንባቡ ነው።

ለሙከራ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አላስፈለገም። የሚዛኑን የመላኪያ ፍጥነት በሰከንድ 4800 ቢት፣ የካርዱን 9600 ማድረግ የተበላሸ ባይት እንደ ልብ ይሰጣል። የሚዛኑ ጥሪ ብቻ እንዲቆጠር የኔትወርክ ኬብሉ ተነቅሎ ሲታይ የ16 ቆጣሪ በጥቂት በጥቂቱ ጨመረ እንጂ አልፈነዳም። የሚዛኑ ገመድ ሽፋን ከመሬት ሽቦ ጋር አልተገናኘም፤ ያን ማስተካከል ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሥራ ነው።