ሁለት እጅ እኩል

ደብረ ብርሃን ላይ ልጅን ዋና ማስተማር የሚጀመረው በሳፋ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ብርዷም ብርቱ ስለሆነ፣ ልጄና አብረዋት የሚሠለጥኑት አምስት የሠፈር ልጆች ገንዳ የሚገቡት በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስንወርድ ብቻ ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ለብ ያለ ውኃ በተሞላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ፊታቸውን ነክረው አረፋ እያወጡ መተንፈስን ይለማመዳሉ። ጎረቤት ቢስቅብንም ጀማሪ ልጅን ቶሎ የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ የክንድ ማነስ ሳይሆን፣ ውኃ ውስጥ ትንፋሹን አምቆ ቆይቶ ቀና ባለባት ቅጽበት ማስወጣቱንም ማስገባቱንም አንድ ላይ ለማድረግ መሞከሩ ነው።

የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጃኬት፣ ደብረ ሲና ስንደርስ ሹራብ ይወልቃል። እዚያ የታወቀው ቆሎ በመስኮት ይገባል፤ ከዋና በፊት ጥቂት፣ ከዋና በኋላ እንደልብ የሚል ሕግ ባወጣም እስካሁን ሳይጣስ የዋለበት ቀን የለም።

ቆላ ነው ብሎ ስለ ብርድ መዘናጋት ግን አይገባም። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚፈቀደው የገንዳ ውኃ ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ይህም ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሆነና የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ፣ ትንንሾቹን ከአዋቂ ቀድሞ ይበርዳቸዋል። የአንዱ ከንፈር መጥቆር ሲጀምር ልምምዱ ለእርሱ አበቃ፤ «አንድ ዙር ብቻ» የሚለውን ልመና አልሰማም። ከውኃ በታች ማን ብዙ ይቆያል የሚለውንም ጨዋታ ከልክያለሁ፤ ደጋግሞ በኃይል ተንፍሶ የሚጠልቅ ልጅ የአየር ፍላጎት ሳይሰማው ራሱን ሊስት ይችላልና።

ልጄ በ9 ዓመቷ የመጀመሪያ ውድድሯን ያደረገችው በደረት ቀዘፋ ነበር። ሁለተኛ ሆና ስትጨርስ እኔ ሰዓት መያዣዬን እያየሁ ስጮህ፣ ዳኛው ውጤቷ መሰረዙን ነገረን። በደረትም ሆነ በቢራቢሮ ቀዘፋ፣ በመታጠፊያውም በመጨረሻውም ግድግዳው በሁለቱም እጆች እኩል መነካት አለበት፤ እርሷ ግን ቸኩላ በቀኝ እጇ ብቻ ነክታ ዞራለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለሳምንታት ሰዓት ስቆጥርባት አንድም ቀን ቆሜ አነካኳን አላየሁም። ይባስ ብሎ፣ ፎጣ ሳላለብሳት «እንዴት ትረሻለሽ?» አልኳት። አላለቀሰችም። ቆቧን አውልቃ ውኃውን እየጨመቀች፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ ፍጠኚ ብቻ ነው ያልከኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በውድድር ቀን ሰዓት መያዣው ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ወላጆች ስንሰበሰብ፣ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ የመጨረሻ የሆነው የሮቤል ኪሮስ ነገር ይነሣል፤ በሰውነቱ የተሳለቀው ሰው ብዛት አሁንም ያስገርመኛል። የእኛ ልጆች መጨረሻ ቢወጡ ዳር ላይ የሚጠብቃቸው ፎጣ የያዘ ሰው እንዲሆን፣ ስለ ስሕተቱም በማግሥቱ ሳፋው አጠገብ እንዲወራ ተስማምተናል።

የዚያን ቀን ማታ ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ሌሎቹ ቆሏቸውን እየበሉ እንቅልፍ ሲያንገላጅጃቸው፣ ልጄ ዋሻው ጨለማ ውስጥ ሁለት መዳፎቿን ከፊቷ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ እኩል እየመታች ስትቆጥር ይሰማኝ ነበር።