የዓሣ መደበቂያ ስንሠራ የምንሠራው ባዶ ቦታ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው የሚቆፈር የዓሣ ኩሬ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስት ሜትር በሁለት፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ወይም ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ)። ስድስት ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ለዓሣው ግን አንድም መጠጊያ የለውም። እንዲህ ያለ ኩሬ ውስጥ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዞ ተጠጋግቶ ይውላል፤ ጥላ ባለፈ ቁጥር ይደነብራል፤ ምግብ ሲበተንለትም ደፍሮ አይወጣም። መደበቂያ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ታዲያ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣል ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ከዚህችው ላይ ይሻማል። እርጥብ ቅርንጫፍ፣ ገለባ፣ ቅጠል ሲበሰብሱ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ሊነጋጋ ሲል ውሃው ፊት ላይ አፉን ከፍቶ ይታያል። በእርጥቡ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ አጠና ደግሞ ዘይቱንና ታኒኑን ውሃው ውስጥ ስለሚለቅ ጭራሽ አይሞከርም። ዓሣው የሚፈልገው እንጨቱን ሳይሆን በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ክፍተቱን ከማይበሰብስ ነገር መሥራት ይቻላል።

ከሁሉ የተሻለው የቱቦ ቁጥቋጦ ነው። ለውሃ መስመር የሚቀበረው ጥቁር የፖሊኢትሊን ቱቦ ቁርጥራጭ ከቧንቧ ሠራተኞች አይጠፋም። ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነውን ወስዶ 60 ሴንቲሜትር እየለኩ 12 መቁረጥ ነው። ይህ ቱቦ ከውሃ ትንሽ ስለሚቀል ከሥሩ ከተያዘ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ፒቪሲ ግን ይሰምጣል፣ ይጋደማል። ቱቦው ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ጉብጠት አለው፤ አይቃና። ጉብጠቱን ወደ ውጭ አድርጎ ሲተክሉት ቁጥቋጦው እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ጫፉን በሞረድ ማለስለስ ግድ ነው፤ ስለታም ጠርዝ የዓሣውን ቆዳ ይልጣል፣ በቁስሉም ላይ ሻጋታ ይወጣበታል።

መሠረቱ አራት ሊትር ኮንክሪት ነው፤ ሲሚንቶ አንድ፣ አሸዋ ሁለት፣ ጠጠር ሦስት። ባለ አራት ሊትር ጣሳ እንደ ፎርም ሆኖ ያገለግላል፤ ውስጡን ፌስታል አልብሶ ኮንክሪቱን መሙላት፣ ቱቦዎቹን 8 ሴንቲሜትር ያህል ማስመጥ፣ መሐሉ ላይ የናይለን ገመድ ማንጠልጠያ መቅበር። ሲደርቅ ጣሳው ይወጣል፤ ኩሬ ውስጥ አይገባም። መሠረቱ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ውሃ ውስጥ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ ቁጥቋጦውን ለመያዝ ይበቃል።

ብዙ ዓሣ የሚያልቀው እዚህ ላይ ባለ ችኮላ ነው። አዲስ ኮንክሪት ኖራ ይለቃል፤ ትንሽ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ፒኤቹን (የውሃው አሲድነት ወይም ኖራማነት የሚለካበትን ቁጥር) ከ11 በላይ ያደርሰዋል። ሳምንት ሙሉ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ማጠንከር፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት በርሜል ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን በየሦስት ቀኑ መቀየር ያስፈልጋል። በመጨረሻ ሁለት ቀን ባደረ ውሃ ላይ የፒኤች ወረቀት ይነከር፤ ከ8.5 በላይ ካሳየ ገና ነው። አዲስ ብሎኬትም ሕጉ ይኸው ነው።

ለአምባዛ (ካትፊሽ) ደግሞ ሸክላን የሚያህል የለም። አምባዛ ብርሃን አይወድም፤ ቀን ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። ቀጨኔ ሰፈር ሲተኮስ የተሰነጠቀና ለገበያ የማይሆን እንስራ ወይም ገንቦ ከሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ይገኛል። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ማሳደርና ጠዋት በአውራ ጣት ማሸት ነው፤ ጭቃው ጣት ላይ ከቀረ በደንብ አልበሰለም፣ ይፈረካከሳል። ቂጡን በመዶሻ ቀስ ብሎ መክፈት ይገባል። አንድ በር ብቻ ያለው ገንቦ ውስጡ ደለል ይሞላል፤ ትልቁ አምባዛም በሩን ይዘጋና ትንሹን ይነክሰዋል። ሁለት በር ካለው ውሃውም ይመላለሳል፣ የተባረረውም ያመልጣል። በጎኑ ሲጋደም ኮብልስቶን ቢደገፍበት አይንከባለልም። ጂኦሜምብሬን ላይ ከሆነ ከሥሩ የጂኦሜምብሬን ቁራጭ ሁለት ዕጥፍ ይነጠፍ።

የላይኛው ሽፋን የሚሠራው ለሁለት ነገር ነው፤ ለዓሣ አዳኝ ወፍ እና ለክረምት በረዶ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ፍሬም፣ አራት ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በየማዕዘኑ፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ሼድኔት (የጥላ መረብ)። ጀሪካኑ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሞልቷል፤ ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ግን አይቀርም። የዘይት ቅሪቱ በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት፤ ቀለም ወይም ናፍጣ የሸተተው ይቀር። ማሰሪያው ናይለን ይሁን፤ ቃጫ ይበሰብሳል። የማዳበሪያ ከረጢትም በሼድኔት ፋንታ አይወጠር፤ የከፍታው ፀሐይ ቶሎ ይሰባብረውና ክሩ ውሃው ውስጥ ይበተናል።

ሽፋኑ ከኩሬው ሲሶ እንዳያልፍ። አምባዛ ውሃ ውስጥ ሆኖ ብቻ አይተነፍስም፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል፤ ፊቱ ከተዘጋበት ይጨነቃል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ ውሃው ከ16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውሃውን የሚያሞቀው ፀሐይ ብቻ ስለሆነ ሽፋኑን በግድግዳ ጥላ በኩል ማሰር፣ ፀሐይ የሚያርፍበትን ወገን መተው ነው።

ለስድስት ሺህ ሊትር ኩሬ አራት ቁጥቋጦ፣ ሦስት ገንቦ፣ ሁለት ተንሳፋፊ ሽፋን ይበቃል። ቁጥቋጦዎቹ ጥልቁ ላይ ይሁኑ፤ ሌሊት ሲበርድ ዓሣው የሚወርደው ወደዚያ ነው። በቱቦዎቹ መካከል ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ክፍተት ሲኖር የዓሣ ጫጩት ይገባል፣ ትልቁ አይገባም። ጫፋቸው ከውሃው ፊት ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ብቅ ካለ ዓሣ የማይደርስበት ቱቦ ውስጥ ትንኝ ይራባል።

ወንድና ሴት ቆሮሶ ተቀላቅሎ ላለው ሰው ግን ቁጥቋጦው ሁለት ብቻ ይሁን። የካቲትና መጋቢት ውሃው ሲሞቅ ይራባል፤ ጫጩቱ ሁሉ መደበቂያ ካገኘ አምባዛው አይደርስበትም፤ ኩሬው በጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላና አንዱም ለምጣድ አይደርስም። ማንጠልጠያ የተቀበረውም በከንቱ አይደለም፤ ለዐቢይ ጾም ዓሣ ለማውጣት መረብ ከመጎተት በፊት ሁሉም ነገር መነሳት አለበት፤ አለዚያ መረቡ ይቀደዳል።

የመዳብ ሽቦና የዚንክ ቅብ ቆርቆሮ ለዓሣ መርዝ ናቸው። ከቀበና ወይም ከባንጥይቀጡ ወንዝ ድንጋይም ሆነ እንጨት አይወሰድ፤ ፍሳሹ አብሮ ይመጣል። ለጥላ ብሎ እምቦጭ ማስገባትም አይገባም፤ ጣና ላይ ያደረሰው የታወቀ ነው፤ ትንሽ ኩሬንማ በጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል። ጥላ የሚሰጥ ተክል የፈለገ ሰው ፊላ በባልዲ ተክሎ ዳር ላይ ያስቀምጥ፤ የደረቀውን ቅጠል ውሃው ውስጥ ሳይወድቅ በየሳምንቱ ይቁረጥ።