የጻፈ ቢረሳ ያየ አይረሳም

በአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ካየኋቸው ትዕይንቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው በ1994 በ«ጄኔራል ሆስፒታል» የታየው ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቢ ጄ የምትባለው ትንሽ ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ አደጋ ተጎድታ አንጎሏ መሥራት ያቆማል፤ በዚያው ሆስፒታል የአጎቷ ልጅ ማክሲ ልብ የሚለግሳት ጠፍቶ ከሞት አፋፍ ላይ ተኝታለች። ሐኪም የሆነው የቢ ጄ አባት ቶኒ ጆንስና እናቷ ቦቢ የልጃቸው ልብ ለማክሲ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቶኒ ወደ ማክሲ ክፍል ይገባና ጆሮውን በደረቷ ላይ አሳርፎ የገዛ ልጁ ልብ ሲመታ ያዳምጣል።

እኔ ያን ጊዜ ሜሪላንድ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የምሠራው አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ወይዘሮን በቤታቸው በመርዳት ሲሆን፣ ከሥራዬም አንዱ ክፍል ምሳቸውን ካቀረብሁና መድኃኒታቸውን ከሰጠሁ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከቴሌቪዥኑ ፊት አብሬያቸው መቀመጥ ነበር። እንግሊዝኛው ግማሽ በግማሽ ስለሚያመልጠኝ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደሞተ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ያስረዱኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ምንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ሁለታችንም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝም ብለን አለቀስን።

ያን ታሪክ ያወጣችው ዋና ጸሐፊ ክሌር ላቢን ነበረች። ከእርሷ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሊያጠፉት የማይችሉት ነገር ትታላቸው ሄደች። ማክሲ ዛሬ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ከ2005 ጀምሮ ክርስተን ስቶርምስ ትጫወታታለች። ብዙ የዋሸችና ብዙ ያጠፋች ገጸ ባሕርይ ብትሆንም፣ ከቦቢ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ በቆመች ቁጥር በደረቷ የሚመታው የማን ልብ እንደሆነ የድሮ ተመልካች ሁሉ ያውቅ ነበር። ጸሐፊው አንድ ቃል ሳይጽፍ ትዕይንቱ ይከብዳል።

የቀን ድራማ ከዚህ ሌላ ሀብት የለውም ብዬ አምናለሁ። ድግሱ ጠባብ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ የሆስፒታል ኮሪደር፣ አንድ ምግብ ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ሶፕ ኦፔራ (የሳሙና ኦፔራ) የሚለው የእነዚህ ድራማዎች ስም ራሱ በሬዲዮ ዘመን ወጪውን ከሸፈኑት ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብልና ከመሰሎቹ የሳሙና ፋብሪካዎች የመጣ ነው እንጂ ከክብር የመጣ አይደለም። ነገር ግን «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ሲዘልቅ፣ አንዲት ሴት በልጅነቷ ከእናቷ ጋር የሰማችውን ታሪክ ከልጅ ልጇ ጋር ማየት ትችል ነበር። በዚህ ሥራ ጸሐፊው ባለአደራ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን ያገኛቸው ከሌላ ሰው እጅ ነው፣ የሚያስረክባቸውም ለሌላ ሰው ነው።

አደራውን ከጠበቁት መካከል ዊልያም ቤልን የሚያህል አላውቅም። ቤል ሙያውን የተማረው «ጋይዲንግ ላይት»ን ከፈጠረችው ከአይርና ፊሊፕስ ነው። ከባለቤቱ ከሊ ፊሊፕ ቤል ጋር በ1973 «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ»ን ጀመረ፤ እስከ 1998 ድረስም ዋና ጸሐፊው እርሱ ነበር። ቪክተር ኒውማን በ1980 የሚስቱን ወዳጅ ምድር ቤት ውስጥ ቆልፎ ያሰረ ክፉ ሰው ሆኖ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ታስቦ ነበር። ሆኖም ቤል ቪክተርን የሚጫወተውን የኤሪክ ብሬደንን አቅም አየና ለክፋቱ ሥር አበጀለት፤ ቪክተር እናቱ ወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ትታው የሄደች ክርስቲያን ሚለር የሚባል ሕፃን እንደነበረ አወቅን። ከዚያ በኋላ ሰውየው ባለጋራውን ሲያደኸይም ሆነ ልጆቹን ሲያባርር፣ በር ላይ ቆሞ እናቱን የሚጠብቀው ሕፃን ከኋላው ይታየን ነበር። ከቤል በኋላ ዋና ጸሐፊዎች ሲፈራረቁ ግን ቪክተር የኩባንያውን ወንበር ለአንዱ ልጁ ሰጥቶ መልሶ የሚነጥቅ፣ ያንኑ በሚቀጥለው ዓመት የሚደግም ሰው ሆነ። ድምፁን አሁንም እወደዋለሁ፤ ሕፃኑን ግን ካየሁት ቆየሁ።

በዚያው ድራማ የካትሪን ቻንስለርና የጂል ጠብ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል። ጂል ጥፍር ሠሪ ሳለች ካትሪን ወደ ቤቷ አስገባቻት፤ ጂልም የካትሪንን ባል ወደደች፣ ወለደችለትም። ከዚህ የተወለደው ጥላቻ ሠላሳ ዓመት ሲበላቸው፣ ሲያስቃቸውና ሲያኖራቸው ከረመ፤ ሁለቱም ሴቶች ሌላ ዝምድና አላስፈለጋቸውም ነበር። በ2003 ግን ጸሐፊዎቹ ጂል የካትሪን የሥጋ ልጅ ናት አሉን፤ በ2009 ደግሞ ሌሎች ጸሐፊዎች ተነሥተው አይደለችም አሉን። ካትሪንን ከ1973 ጀምራ እስከ ሞተችበት እስከ 2013 የተጫወተችው ጂን ኩፐር ሁለቱንም እኩል አሳምና ተጫውታዋለች፤ ያ የእርሷ ችሎታ ነው። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የእናትና የልጅ እንባ አልቅሼ በመጨረሻ የማንም እንዳልነበረ ሲነገረኝ ያበደርሁትን እንደተካድሁ ተሰማኝ።

የሞተ ሰው መመለሱን በራሱ አልቃወምም። በእኛ አገር አርባው የወጣለት ሰው በር ቢያንኳኳ መንደሩ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ያ ድንጋጤ፣ ያ ደስታ፣ ያገባች ሚስት ያ እፍረት ለጸሐፊ ትልቅ ቀለብ ነው። የምቃወመው ሐዘናችንን መቀለጃ ማድረግን ነው። «ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ» በ2003 የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የምናውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ቀበረ። ድራማው ከጀመረበት ከ1965 አንሥቶ የነበሩት የሁሉ አያት አሊስ ሆርተን ሳይቀሩ በእነዚያው ስመ ጥር በሆኑት ዶናቶቻቸው ታንቀው ሞቱ። ገዳይዋም ዶክተር ማርሊና ናት ተባለ። በ2004 ሟቾቹ ሁሉ በአንድ ደሴት ላይ በሕይወት ተገኙ፤ የደሴቲቱም ስም ሜላስዌን ነበር፤ ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ስታነቡት ኒው ሴለም (አዲሲቱ ሴለም) ይሆናል፤ ሴለም የድራማው ከተማ ስም ናት። ወይዘሮዋ ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ደግ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ ሰው ሲሞት አላዝንም፤ የቀብሩን አበባ እያየሁ መቼ እንደሚመለስ እገምታለሁ።

ከሞት ይልቅ የሚከብደው የኃጢአት መሰረዝ ነው። በ1981 በ«ጄኔራል ሆስፒታል» የታየውን የሉክና የላውራን ሠርግ በአሜሪካ 30 ሚሊዮን ሰው አይቶታል፤ ኤልዛቤት ቴይለር እንኳ ሄሌና ካሳዲንን ሆና ሙሽሮቹን ልትረግም መጥታለች። ይሁንና ሉክ በ1979 ላውራን ደፍሯት ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ነገሩን እንደ ፍቅር መነሻ አድርገው አለሳልሰው አለፉት። በዚህ ነገር ከወይዘሮዋ ጋር ተስማምተን አናውቅም። እርሳቸው ሠርጉን በጊዜው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያዩ ስለነበሩ «ጊዜው እንደዚያ ነበር» ይሉኛል፤ እኔ ታሪኩን በኋላ የሰማሁ ሰው ስለሆንሁ ላውራ ምን ብላ ራሷን እንዳሳመነች እጠይቃለሁ። የእኛ ሰው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል፤ እዚህ ግን የተወጋችውም እንድትረሳ ተደረገች። በ1998 ልጃቸው ላኪ እውነቱን ሲያውቅና አባቱን ፊት ለፊት ሲያፋጥጥ ድራማው የ19 ዓመት ዕዳውን ከፈለ። ከፊል ክፍያ ነው፤ ቢሆንም ያን ሳምንት ወይዘሮዋ ስለ ጊዜው አልተናገሩም።

ሙት ማስነሣት ይህን ያህል የተለመደ ከሆነ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ለምን እንደሚቀር ደግሞ አይገባኝም። በ2019 ኒል ዊንተርስን የሚጫወተው ክሪስቶፍ ሴንት ጆን ሲያርፍ «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» ለኒል ተገቢ ስንብት አደረገለት፤ ወንድሙ ማልኮምም ሆኖ ሼማር ሙር መጣ። በ2007 ከገደል ወድቃ አስከሬኗ ያልተገኘው ሚስቱ ድሩሲላ ግን አልነበረችም። ማንበብ የማትችል ልጅ ሆና መጥታ በዓይናችን ፊት ያደገችው ድሩሲላ፣ ቢያንስ ለዚያ ቀብር ከገደሉ መውጣት ነበረባት።

አሁን በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ የምቀመጠው ለ«ቢዮንድ ዘ ጌትስ» ነው። የካቲት 24 ቀን 2025 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የጀመረው ይህ ድራማ፣ ለብዙ ዓመታት ለ«ጄኔራል ሆስፒታል» የጻፈችው ሚሼል ቫል ጂን የፈጠረችው ሲሆን፣ ታሪኩም እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዳር በሚገኝ የሀብታም ጥቁሮች መንደር ውስጥ ተቀምጧል። መንደሩ ልብ ወለድ ነው፤ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው ያን የመሰለ አጥር የለንም። ዱፕሪዎች የሚባሉት ዋና ቤተሰብ አያቷ አኒታ የድሮ ዘፋኝ፣ አያትየው ቨርነን ደግሞ የቀድሞ ፖለቲከኛ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያምር ያለፈ ዘመን አላቸው፤ ነገር ግን ያን ዘመን አላየንላቸውም፣ በወሬ ሰማነው እንጂ። አዲስ ድራማ ትዝታውን ተበድሮ ይጀምራል።

በመሐል ግን ኒኮል አለች። የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት፤ ባሏ ቴድ ከሌላ ሴት ኢቫ የምትባል ልጅ እንደወለደ ሳታውቅ ኖራ በመጨረሻ ያወቀች። ይህን እኛው በዓይናችን አይተነዋል፣ ማንም አላወራልንም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሌላ ዋና ጸሐፊ መጥቶ ኒኮልንና ኢቫን በአንድ የበዓል ገበታ ላይ ሲያስቀምጣቸው፣ ኒኮል ሳህኑን ለኢቫ ከማቀበሏ በፊት እጇ ለአፍታ ይቆም እንደሆነ እመለከታለሁ።