ከ«ማሙሽ» ወደ «ጋሼ»፦ የስምንት ወር የቅዳሜ ሙዚቃ ማስታወሻ

ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ክራር መጫወት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ባለች አንዲት አነስተኛ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ እንጫወታለን። ተሳታፊዎቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ዐዋቂዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ 9 ይመጣሉ፣ ቤተሰብ ሲጨመር 15 እንሞላለን። እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የምታስቡ ስላላችሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ። የማንንም ስም አላነሳም።

የመጀመሪያው ቀን የሕፃናት መዝሙር ይዤ ሄድኩ። ቀላል ስለሆነ ይስማማቸዋል ብዬ ነበር። ድምፄን አቅጥኜ «ጎበዝ ማሙሽ! ጎበዝ ሚሚ!» ስል አንድ ሰዓት አለፈ። ስንጨርስ የአንዱ ተሳታፊ እህት ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ወንድሜ እኮ 46 ዓመቱ ነው» አለችኝ። «ሰፈር ውስጥ ከሱ የሚያንሱት ሁሉ ጋሼ ይባላሉ። እስካሁን ማሙሽ የሚባለው እሱ ብቻ ነው።»

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ቤቴ እስክደርስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት መዝሙሮቹን ተውኳቸው። በቦታቸው አንድ አጭር የሰላምታ ዜማ ሠራሁ። የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነማዕረጉ አወጣለሁ፣ የቀረው ሰው በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ» ብሎ ይቀበላል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። መናገር የሚችሉትን «ምን ብዬ ልጥራዎት?» እያልኩ ጠየቅኩ። አንድ የ24 ዓመት ወጣት «አንቱ አትበለኝ፣ ጓደኛዬ አይደለህ እንዴ?» አለኝ። እሱን አንተ እለዋለሁ።

ያቺ እህት የነገረችኝ የ46 ዓመቱ ወንድሟ ግን ቃል አይናገሩም። ከበሮ ፊታቸው አስቀምጠን ቤት ውስጥ በሚጠሩበት ስም ዘፈንኩ። ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዛቸውን ቀጠሉ። ከዚያ «ጋሼ» ብዬ ደገምኩት። መወዛወዙ ቆመ። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ከበሮውን አንዴ መቱት። ዱም። ደግሜ ዘፈንኩ፣ ደግመው መቱ። እህታቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እስቲ እንደገና በለው» አለች። ሦስተኛውንም መቱት።

ስለ መሣሪያ የምትጠይቁኝ ካላችሁ እኔ የምመክረው ክራር ነው። ጊታር ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ማወቅ ግድ ይላል። ባለ 6 አውታር ክራር ግን አንዴ ትዝታ በሚባለው ቅኝት ከተቃኘ አምስቱ ድምፆች የቅኝቱ ናቸው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በእጥፍ ቅጥነት ይደግመዋል። ማንም ሰው የትኛውንም አውታር ቢነካ ከዜማው አይወጣም። ሁሉንም ባንዴ ቢገርፈውም ያምራል። አንቺሆዬ የሚባለውንም ቅኝት ሞክሬ ነበር። በድምፆቹ መካከል አንዳንዱ ርቀት ጠባብ ስለሆነ አብረው ሲገረፉ ይጋጫሉ፣ ለጀማሪ ቡድን አልሆነልኝም።

ከሁሉም የከበደኝ መጠበቅ ነው። አንዲት ኦቲዝም ያለባት ተሳታፊ አለች፣ 30 ገደማ ትሆናለች። ክራሩን ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት ዝም ብላ ታየዋለች። እኔ ደግሞ አላስችል ይለኝና እጇን ይዤ አውታሩ ላይ አደርገዋለሁ። ወዲያው ትነጥቀኛለች። ይህ ለሳምንታት ቀጠለ። በኋላ ላይ አንድ ቀን ሁለት እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። 10 ስደርስ ምንም የለም። 20 ስደርስ ጎንበስ ብላ ጉንጯን የክራሩ ሳጥን ላይ አሳረፈች። 26 ላይ ወፍራሙን አውታር በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ንዝረቱ እስኪያልቅ ጉንጯን አላነሳችም። ድምፁን የምትሰማው በጆሮዋ ብቻ አልነበረም። እኔ ለካ ስቸኩል ይህን ሁሉ ስቆርጥባት ነበር! አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 30 ድረስ እቆጥራለሁ። ለአስተባባሪ 30 ረጅም ነው፤ ልመዱት።

ድምፅ መቀነስም አለበት። መጀመሪያ ላይ ትልቅ ስፒከር ነበረን። አንድ ቀን መብራት ሄደና ያለ ስፒከር ቀጠልን። ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ጆሮውን ይዞ የሚቆመው ወጣት ያን ቀን ገብቶ ተቀመጠ። ስፒከሩን ከዚያ ወዲህ አላመጣነውም። ዝናብ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከሰዓት ሲዘንብበት መነጋገርም አይቻልም። ስለዚህ ወደ ጠዋት አዛወርነው። ጥግ ላይም አንድ ምንጣፍና ሁለት ወንበር አለ። የደከመው ሰው ሳያስፈቅድ ሄዶ ያርፋል፣ ማንም «ና፣ ተመለስ» አይለውም።

ግድግዳው ላይ አምስት የሥዕል ካርድ እንሰቅላለን፦ ሰላምታ፣ ክራር፣ ሻይ፣ ከበሮ፣ መሰናበቻ። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለብዙዎቹ ትልቅ እረፍት ነው። ለፋሲካ ብዬ ቅደም ተከተሉን ሳልናገር ስቀይር በረንዳ ላይ ይቆም የነበረው ወጣት ተጨንቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ የምንሠራው ሕክምና አይደለም። ሙዚቃን ለሕክምና መጠቀም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ፖል ኖርዶፍና የልዩ ፍላጎት መምህሩ ክላይቭ ሮቢንስ አብረው መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ ዛሬ በእነሱ ስም የሚሰጠው ሥልጠና ዓመታት ይፈጃል። እኔ ያ ሥልጠና የለኝም። እኛ ሙዚቃ እንጫወታለን፣ በቃ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 30 በባህላዊ ሕይወት መሳተፍን እንደ መብት አስቀምጦታል። ለመጫወት መታመም አያስፈልግም።

ደግሞ ሌላ የሚቆረቁረኝ አለ። ስለ ኦቲዝም ስናወራ ሁልጊዜ ስለ ልጆች ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የጆይ ማዕከልን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ያኔ ልጅ የነበረ ሁሉ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ቅዳሜ የት ነው የሚውለው?

ከፊቼ ጨምባላላ፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ አንዱ ተሳታፊ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ያየውን ቄጣላ የሚባል የሲዳማ ጭፈራ አመጣልን። ሳንጠይቀው ተነስቶ እግሩን መምታት ጀመረ። ሁላችንም ከኋላው ተሰለፍን። እሱ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን። መናገር የማይችሉትም መሬቱን ይመታሉ። አውጪው እኔ ያልሆንኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ስንሰናበት ጋሼ ወደ ካርዶቹ ሄዱ። የከበሮውን ካርድ ከሻዩ ቀጥሎ ከነበረበት አነሱና መጀመሪያ ላይ ሰቀሉት። ለሁሉም ቤት ደውዬ በሚቀጥለው ሳምንት በከበሮ እንደምንጀምር ነግሬያለሁ። በረንዳ ላይ ይቆም ለነበረው ወጣት የአዲሱን ተራ ፎቶ ዛሬውኑ ልኬለታለሁ።