እስከ ቡሄ ቢቆይስ?

ከጧት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ብርዱ ይሁን፣ ፀ. የሚባለው ልጅ ወደ አውሮፓ የሚሄድበትን የቪዛ ዶሴ ይዞ ስለመጣ ይሁን እንጃ። ሥራው ላፕቶፑ ላይ፣ ደንበኞቹ ውጭ አገር፤ የቀረው አዘዞ ወርዶ አውሮፕላን መሳፈር ብቻ ይመስለዋል። ዶሴውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ።

መጀመሪያ የባንክ ስቴትመንቱን አየሁ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አንድ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ገብቷል፤ ከዘመድ የተሰበሰበ መሆኑ ያስታውቃል። እንዲህ ያለው ከመጥቀም ይልቅ ያስጠረጥራል፤ ዋናው የሚታየው በየወሩ የሚገባው ነውና። ፖርቱጋል በርቀት ለሚሠሩ በምትሰጠው ቪዛ ያለፉት 3 ወራት አማካይ ገቢ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ 4 እጥፍ እንዳያንስ ትጠይቃለች። በ2025 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው 870 ዩሮ ስለነበር 3,480 ዩሮ ማለት ነው። እያንዳንዱ ገቢ ደግሞ ከውሉና ከኢንቮይሱ ጋር መግጠም አለበት። ኢንቮይሱ 1,000 ብሎ ባንክ የገባው 960 ከሆነ፣ 40ው የማስተላለፊያ ክፍያ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አብሮ ይያያዝ።

ያው ዶሴ ለሁሉም አገር አይሆንም። ስፔን በርቀት የሚሠራ ሰው ከራሷ ድርጅቶች የሚያገኘው ገቢ ከጠቅላላው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ትላለች። ጀርመን ግን በነፃ ሙያ፣ ማለትም ሳይቀጠር በግሉ ሊሠራ፣ ለሚያመለክት ሰው እዚያው ያሉ ደንበኞች «ሥራ እንሰጠዋለን» ብለው የጻፉት ደብዳቤ ትልቅ ክብደት አለው። አንዱ ጋ የሚያስጥለው ሌላው ጋ ያሳልፋል።

የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ስደርስ አዘንኩለት። ስሙ የሚጀምርበት «ፀ» ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ሲጻፍ፣ ወሳኝ ኩነት በሰጠው ላይ በ«ቲ» ብቻ ነው። የሰፈር ሰው ያውቀዋል፤ ቆንስላው ግን ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ይህ ከትርጉም፣ ከውልና ማስረጃ እና ከውጭ ጉዳይ ማኅተም በፊት ይታረም። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ከሆነ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። ከወንጀል ነፃው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይውጣ፤ ሌላው ወረቀት ሲጓተት እሱ ያረጃል፣ ከ3 ወር በላይ የቆየውን ብዙ ቦታ አይቀበሉም።

ይህ ሁሉ ግን ለመግባት ነው። ስለ መኖሩ ብዙም አይወራም። እኛ ጎንደር «ከፊት ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ የእትዬ እገሊት ግቢ» ከተባለ ሰው ይገኛል። ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በ14 ቀን ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፣ ለዚያም አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ለአጭር ጊዜ የሚያከራዩት ብዙዎቹ አይፈርሙም። ሳይፈርሙ ምዝገባ የለም፤ ሳይመዘገብ የግብር መለያ ቁጥሩ አይመጣለትም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት «ትፈርማለህ ወይ?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከዚያ የቀን ቆጠራው ይመጣል። ጀርመን ከ6 ወር በላይ ከአገር ከወጡ የመኖሪያ ፈቃዱ በራሱ ይወድቃል። የፖርቱጋል ጊዜያዊ ፈቃድ በተከታታይ ከ6 ወር፣ በየመሐሉ ሲደመር ከ8 ወር በላይ መራቅን አይፈቅድም፤ በቂ ምክንያት ያለው በማስረጃ ማሳመን አለበት። ለጥምቀት መጥቶ እስከ ፋሲካ ቢሰነብት ምንም አይደል። እስከ ቡሄ ከቆየ ግን 7 ወር ሞላው። በእኛም በኩል በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቋሚ መኖሪያው እዚህ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ከውጭ ያገኘውም ገቢ ይቆጠርበታል። የትም ሆኖ መሥራት የሚችለው ሰው፣ አንድ ቦታ መቀመጡን እንደ እሱ የሚጠየቅ የለም።

እናቱ ደግሞ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ስኳሩም ጸንቶባቸዋል። ጀርመን ከመውጣቱ በፊት አመልክቶ የረዘመ ጊዜ ማስፈቀድ ይቻላል። በሽታ ግን ቀን ቆርጦ አይመጣም። ለማስታመም መጥቶ ስድስተኛው ወር ሲያልቅ እትዬ ገና አልጋ ላይ ከሆኑ፣ ይህን ልጅ ምን እለዋለሁ? ሂድ ወይስ ቆይ?